ሦስት ጊዜ ቦታ የቀየረች ምኩራብ፦ ታሪካዊ ናት ወይስ አይደለችም?

ይህ የውይይት ክር እየረዘመ ስለሄደና አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ስለሚደግም፣ ከላይ እስከ ታች አንብቤ በየቁጥሩ ምን እንደተባለ እዚህ አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፤ ፍሬ ነገሩን ብቻ ነው የያዝኩት። መሀል መሀል የራሴንም ጣል አደርጋለሁ፣ አትቀየሙኝ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

የመነሻው ጽሑፍ። ጸሐፊው ዲሲ ነዋሪ ነው። የሦስተኛና የኤፍ ጎዳና ጥግ ላይ፣ በመስታወት ፎቆች መሀል ቁጭ ስላለች አንዲት የጡብ ቤት ነው ያነሳው። በ1876 የታነጸች ናት። በዋሽንግተን ከተማ ከመነሻው ምኩራብ እንድትሆን ተብላ የተሠራች የመጀመሪያዋ ቤት ስትሆን፣ ዛሬ የካፒታል ጁዊሽ ሙዚየም አካል ሆናለች። ሰውየው ያልተዋጠለት ቤቲቱ የተሠራችው እዚያ አለመሆኑ ነው። በ1969፣ በ2016 እና በ2019 ከነግድግዳዋ እየተነሣች ተወስዳለች። መሬቷ ሌላ፣ ጎረቤቷ ሌላ፣ ያሠሯት ምእመናንም ትተዋት ከሄዱ መቶ ዓመት አልፏቸዋል፤ ታዲያ በምን ሒሳብ ነው ታሪካዊ የምትባለው ብሎ ጠየቀ። እንደ ቁም ሣጥን ከክፍል ክፍል የሚጎተት ነገር ዕቃ እንጂ ቅርስ አይባልም ብሎም ደመደመ። ይቺ ቁም ሣጥን የምትለዋ ነገር ነች ክሩን ያስረዘመችው።

1ኛው ምላሽ። በጨዋ ደንብ አመስግኖ ነው የጀመረው። ቤቲቱን ያሠራው አዳስ እስራኤል የሚባል ማኅበር ነው። በ1869 ዋሽንግተን ሂብሩ ኮንግሪጌሽን ከሚባለው የከተማው ነባር ማኅበር ተገንጥለው በወጡ ሰዎች የተመሠረተ ነው። ጠቡ የሥርዓት ጠብ ነበር። ነባሩ ማኅበር ወጉን እያሻሻለ ሄዶ ኦርጋን ወደ ጸሎት ሲያስገባ፣ የአባቶቻችንን ሥርዓት አንለቅም ያሉት ወጡ። ሰባት ዓመት ያለ ራሳቸው ቤት ከቆዩ በኋላ በስድስተኛና በጂ ጎዳና ጥግ 25 በ60 ጫማ የሆነች ቤት ሠሩ፤ ወጪዋ 4,800 ዶላር ነበር። ዜማና መሣሪያ ላይ ተጣልቶ ለሁለት መከፈል ለእኛ ሰፈር እንግዳ ነገር ስላልሆነ ከዚህ ሥር የተለጠፈው የሳቅ ምልክት ብዙ ነው።

2ኛው ምላሽ ያርማል፤ ድምፁም ትንሽ ሻከር ያለ ነው። ሦስቱን ጉዞ እኩል አድርጎ መቁጠር ማጋነን ነው ባይ ነው። ትልቁ የመጀመሪያው ነው። ሜትሮ ባቡር ዋና መሥሪያ ቤቱን ሊሠራ ብሎኩን ሲጠርግ፣ የዋሽንግተን አካባቢ የአይሁድ ታሪክ ማኅበር ተሯሩጦ ቤቲቱን በብሔራዊ የታሪክ መዝገብ ላይ አስሰፈራትና በታኅሣሥ 18 ቀን 1969 ሦስት ብሎክ ርቃ ወደ ሦስተኛና ጂ ጥግ ተወሰደች። በኅዳር 2016 ግን የተንቀሳቀሰችው 50 ጫማ ብቻ ነው፤ አውራ ጎዳናውን ከላይ ከድኖ አዲስ ሕንፃ የሚሠራው ፕሮጀክት ቦታውን ስለፈለገው ለጊዜው ገሸሽ አደረጓት። በጥር 2019 ደግሞ አንድ ብሎክ ሄዳ አሁን ያለችበት ቦታ ዐረፈች። ሳያጣሩ ስትዞር ኖረች ማለት ለአንባቢም ለቤቲቱም ደግ አይደለም ብሎ ዘጋ። የመነሻው ጸሐፊ ቀኖቹን ስላልተሳሳተ ዘለፋው ትንሽ በዛ ብዬ አስባለሁ።

3ኛው ምላሽ ከቀድሞ ታክሲ ነጂ የመጣ ነው። ስማቸውን ሳይሆን ዕድሜያቸውን አስቀድመው ነው የጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ መለሰላቸው። ቤቲቱ ሦስተኛና ጂ በነበረችበት ዘመን አጠገቧ ቆመው ደንበኛ ይጠብቁ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን እንደነበረች ነገሯቸው፤ እሳቸውም ለዓመታት ለሰው ሁሉ ይህንኑ ሲያወሩ ኖሩ። በጣሪያዋ ላይ ያለችውን ትንሽ የእንጨት ጉልላት ሲያዩ ነገሩ እውነት መስሏቸው ነበር።

4ኛው ምላሽ ለጋሼ ደረሰላቸው፤ ተሳፋሪው አልዋሸም። አዳስ እስራኤል እየበዛ ሄዶ በ1908 ሁለት ብሎክ ወደ ሰሜን፣ ስድስተኛና አይ ጥግ ላይ ትልቅ ምኩራብ ሠርቶ ሲገባ አሮጌዋ ተሸጠች። ከዚያ ቅድስት ሶፊያ የሚባሉ የግሪክ ኦርቶዶክሶች ተከራይተው ጸለዩባት፤ ወንጌላውያንም ተከተሉ። ምድር ቤቷ ደግሞ የንግድ ቤት ሆነ። በየዘመኑ ብስክሌት ቤት፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ሸቀጣ ሸቀጥ፣ በመጨረሻም ምግብ ጠቅልሎ የሚሸጥ ቤት ነበረበት። ስለዚህ በ1969 አፍራሾቹ ሲመጡ ከመንገድ ለሚያያት ሰው ምኩራብ ሳትሆን ሳንድዊች ቤት ነበረች። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚገርመው ይህ ነው። ያተረፋት ኪራዩ ነው፤ ባዶ ብትቀመጥ ኖሮ ማንም ሳያስተውላት ቀድማ ትፈርስ ነበር።

5ኛው ምላሽ ረዥም ነው፤ ጸሐፊው ሲቪል መሐንዲስ ነው፣ ሙያውም ከአጻጻፉ ያስታውቃል። የጡብ ግድግዳ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲለጥጡት ግን ወዲያው ይሰነጠቃል፤ የሥራው ጭንቅ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። በቅድሚያ የመስኮትና የበሩ ክፍተት በእንጨት ይደገፋል። ቀጥሎ ከወለሉ በታች ግድግዳው እየተበሳ ብረት በብረት ላይ ተሰድሮ ሙሉው ክብደት ከመሠረቱ ወደ ብረቱ ይዛወራል። ክብደቱ 270 ቶን ገደማ ነው። ከዚያ ክሪኮቹ በአንድ የዘይት መስመር ተያይዘው እኩል ይነሣሉ። አንዱ ጥግ ከሌላው በጥቂት ሚሊሜትር ከቀደመ ልስኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል፤ ያኔ ሥራው ቀጥ ይልና ዝቅ ያለው ጥግ እስኪስተካከል ይጠበቃል። ጎማ ላይ ከወጣች በኋላ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። በዚህም ለ2ኛው መላሽ ዘወር ብሎ መልስ ሰጠ። 50 ጫማውን ቀላል አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ድካሙ ማንሣቱ ላይ ነው፣ አንዴ ከተነሣች በኋላ 50 ጫማም ሦስት ብሎክም ልዩነታቸው የሰዓት ብቻ ነው።

6ኛው ስንት እንደፈጀ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠው የለም።

7ኛው ምላሽ ክሩን ወደ ምረቃው ወሰደው። ሰኔ 9 ቀን 1876 ቤቲቱ ስትመረቅ ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት መጥተው ተቀምጠዋል፤ በሥልጣን ላይ ያለ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የምኩራብ ምረቃ ላይ ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። ልጃቸውም አብሯቸው ነበር፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሞተው ስለነበር በቦታው ተጠባባቂ የነበሩት ሴናተር ቶማስ ፌሪም ነበሩ። ሥርዓቱ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ፕሬዚዳንቱ እስከ መጨረሻው ቆዩ። አሥር ዶላርም ሰጥተዋል። መላሹ ይህን የጻፈው ለአገር መሪ ትሕትና ምሳሌ አድርጎ ነው።

8ኛው ምላሽ እሳት ለብሶ መጣ። ታሪክ ግማሹን መናገር መዋሸት ነው ብሎ ጀመረ። እኚህ ሰው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጄኔራል ሳሉ፣ በታኅሣሥ 17 ቀን 1862፣ አይሁዳውያን ሁሉ ከሚያዙት ወታደራዊ ግዛት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲወጡ የሚያዝ 11ኛ የሚባለውን ትእዛዝ አውጥተዋል። ሰበቡ በጦር ግንባሩ ላይ የጥጥ ኮንትሮባንድ በዝቷል የሚል ነበር፤ የጥቂት ነጋዴ ጥፋት ለአንድ ሕዝብ ተሰጠ። ኬንታኪ ውስጥ ፓዱካ ከተማ ያሉ ቤተሰቦች ከቤታቸው ተባረሩ። ከመካከላቸው ሲዘር ካስከል የሚባል ሰው ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ለሊንከን አቤት አለ፤ ሊንከንም ወዲያው በጥር 1863 ትእዛዙን አስሻሩት። ስለዚህ የ1876ቱን መቀመጥ እንደ ትሕትና ሳይሆን እንደ ዕዳ መክፈያ ማየት ይገባል ይላል።

9ኛውና 10ኛው በዚሁ ላይ ተያያዙ። 9ኛው፣ ሰው ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ መጥቶ ሦስት ሰዓት አክብሮ ከተቀመጠ ይበቃል፣ ግራንት ራሳቸው በዚያ ትእዛዝ ተጸጽተው ኖረዋል፣ አይሁዳውያንንም ሾመዋል ባይ ነው። 10ኛው በአሥር ዶላር ይቅርታ አይገዛም ብሎ ተሳለቀ። 9ኛው ተመልሶ የዚያን ዘመን አሥር ዶላር ከዛሬው ጋር ያስተያየውን ሰው ሒሳብ አስተማሪህ ማን ነበር አለው። አወያዩ ሁለቱንም እንዲረጋጉ አሳሰበ። እኔ 8ኛውን ደግፌያለሁ። የምረቃው ታሪክ ጣዕም ያለው ከትእዛዙ ጋር ሲነበብ ነው፤ የማኅበሩ ሰዎችም የትእዛዙን ታሪክ እያወቁ መሆን አለበት ወንበር ያቀረቡላቸው።

11ኛው ምላሽ ከርእሱ ወጥቷል፤ ግን አልተቆጣሁትም። ምረቃው በእኛ አቆጣጠር 1868 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ እንደሆነ አስልቶ፣ ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ጉራ ላይ ምን እንደነበረ አስታወሰን። ዐፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር መጋቢት 1876 ሲመቱ፣ በግብፁ አዛዥ በራቲብ ፓሻ ጎን የነበሩት የጦር አለቃ አሜሪካዊ ነበሩ። ዊልያም ሎሪንግ ይባላሉ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ግራንት የወጉት የደቡብ ጦር ጄኔራል የነበሩ ናቸው። ከሰሜኑ ወገን የነበሩም መኮንኖች በግብፅ ጦር ውስጥ ነበሩ። ከዚህ በኋላ ሰባት አጫጭር ምላሾች ስለ ጉንደትና ጉራ፣ ስለ ራስ አሉላና ስለ ምርኮ መድፍ ሆነው ቀሩ። ለብቻቸው ክር ይከፈትላቸው እንጂ እዚህ አልዘረዝራቸውም።

19ኛው ምላሽ ክሩን መለሰው። አርክቴክቸር የተማረች እኅታችን ናት፤ ሁለት ጊዜ ገብታ አይታዋለች። የመነሻውን ጸሐፊ ወንድሜ ብላ፣ ቤት ማለት መሬቱ ብቻ ከሆነ እኔ አራት ዓመት ምን ስማር ነበር ብላ ጠየቀችው። ከውጭ ስታይ ቀጭን ከፍ ያሉ፣ ከላይ ቅስት የሆኑ መስኮቶች፤ ጌጥ የሌለው ጡብ፤ ጣሪያው ላይ ያቺ የእንጨት ጉልላት። ከግድግዳው ደግሞ አንድ ክብ ክፍል ሆድ አውጥቶ ይታያል። ከውስጥ ሲገቡ ትርጉሙ ይገባል፤ የኦሪቱ ጥቅልሎች የሚቀመጡበት ሣጥን ያለው እዚያ ሆድ ውስጥ ነው። የጸሎቱ አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው። ወንዶች ወለሉ ላይ፣ ሴቶች ዙሪያውን በተሠራው የእንጨት ሰገነት ላይ ይቀመጡ ነበር። ከነባሩ ማኅበር የወጡት ሥርዓት ይጠበቅ ብለው ስለነበር ሰገነቱ የክርክሩ ምስክር ነው ትላለች። የሰገነቱን መደገፊያ በእጇ ዳብሳዋለች፤ ቀጭን ነው፣ የድሃ ማኅበር ሥራ ነው፣ ግን አናጢው ጠርዙን በጥንቃቄ አልስልሶታል። ይሄ ሁሉ ከቦታ ቦታ ሲሄድ አልጠፋም።

አቅጣጫውንም ያነሳችው እሷ ናት። ምኩራብ ወደ ኢየሩሳሌም ነው የሚዞረው፤ አሜሪካ ላይ ደግሞ ይሄ ወደ ምሥራቅ ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት የሚያንቀሳቅስ ሰው ከርቀቱ ይልቅ ማዞሩን ነው የሚጠነቀቀው።

20ኛው ምላሽ ከጎንደር ነው። አቅጣጫ ከተነሣ ብሎ የወለቃን ነገር አወራ። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቤተ እስራኤል መንደር ናት፤ ሰዎቹ በ1984ና 85 በሱዳን በኩል፣ የቀሩትም እስከ 1991 ድረስ ሄደው አልቀዋል። እነሱ መስጊድ የሚሏት ትንሿ የጸሎት ቤታቸው ግን አለች፤ ቱሪስት ይገባባታል፣ በደጇም የሸክላ ቅርጻ ቅርጽ ይሸጣል። ከጎንደር ኢየሩሳሌም በስተሰሜን ስለሆነች፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ወደ ምሥራቅ ሲያዩ የእነሱ ጸሎት ወደ ሰሜን እንደሚዞር ልጅ ሆኖ ይገርመው ነበር። ወለቃ ላይ አንድም ድንጋይ አልተነቃነቀም፤ ሰዎቹ ናቸው የሄዱት። ዋሽንግተኖቹ ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ ሆነው ቤቱን አንቀሳቀሱት። የትኛው ነው ሙሉው ምኩራብ ብሎ ጠየቀና ተወው።

21ኛው ምላሽ ከእስራኤል፣ ቤተሰቦቿ ከጎንደር ገጠር የሄዱ ሴት ናት፤ ቃሏም ስለታም ነው። የእኛን የጸሎት ቤት ያለ ሰው እንደቀረ ዕቃ አድርጋችሁ አታውሩ፤ ቄሶቻችን በግእዝ የሚያነቡት ኦሪት እዚህ አለ፣ ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገር በዓል ሆኗል፣ የሄደው ሰው ጸሎቱን ይዞ ነው የሄደው ትላለች። ወለቃ ደጃፍ ላይ የሚሸጠው ሸክላ ደግሞ ስንት ጊዜ ቡዳ እያላችሁ የሰደባችሁት የእናቶቻችን እጅ ሥራ ነው ብላ ጨረሰች። 20ኛው ወዲያው እኅቴ ልክ ነሽ ብሎ ተቀበለ። ሌላ ሁለት ሰው ግን ነገሩን ለማለሳለስ ገብተው አባባሱት፤ አወያዩም አጠፋቸው። ደግ አደረገ።

24ኛው ላይ የመነሻው ጸሐፊ ተመለሰ፤ ተቆጥቷል። ሁላችሁም እኔን እየደገፋችሁ መሆኑ አልታያችሁም ባይ ነው። ጸሎቱ ከሰው ጋር የሚሄድ ከሆነ የቀረው ጡብ ነው፤ ጡብ ደግሞ ካልጠፋ ነገር ለምን በዚያ ሁሉ ወጪ ይጎተታል?

25ኛው ምላሽ ከአንድ ዲያቆን የመጣ ነው፤ ግማሹን ተስማማ። እኛም ዘንድ ቤቱን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ታቦቱ ነው፤ ታቦቱ ከወጣ የቀረው ግድግዳ ነው። አዳስ እስራኤሎችም ጥቅልሎቻቸውን ይዘው ሲወጡ ቤቲቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ብቻ ሆናለች። ግን ግድግዳም ሰው የጸለየበት ከሆነ ይከበራል፤ ያረጀ ቅኔ ማኅሌት ሲፈርስ እንጨቱ እንኳ ለማገዶ አይሰጥም ብሎ አከለ።

26ኛው ምላሽ በእኔ ፍርድ የክሩ ምርጥ ነው። ጸሐፊው በዚያ ሰፈር የፓርኪንግ ሥራ ሲሠራ የኖረ ነው። ክርክሩን ትቶ ሰፈሩን በእግር አስዞረን። ስድስተኛና አይ ላይ ያለው የ1908ቱ ምኩራብ አልተንቀሳቀሰም። 69 ጫማ የሚደርስ ጉልላት ያለው ነው፤ ንድፉ የባልቲሞሩ አርክቴክት የሉዊስ ሌቪ ነው። በ1951 ተርነር ሜሞሪያል ለሚባል የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ተሸጠ። በ2002 ለሽያጭ ሲወጣ የምሽት ጭፈራ ቤት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ሦስት ባለሀብቶች ገዝተው አደሱትና በ2004 እንደገና ምኩራብ ሆነ፤ ኮንሰርትም ይካሄድበታል። ስምንተኛና አይ አካባቢ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ተገንጥለው የወጡበት የነባሩ ማኅበር ምኩራብ አለ። በ1897 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ተገኝተዋል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የዳዊት ኮከብ ግን እስከ ዛሬ መስኮቱ ላይ አለ። አምስተኛና አይ ላይ ኦሄቭ ሻሎም የሚባል ሌላ የአይሁድ ማኅበር ይጸልይበት የነበረው ምኩራብ ከእነሱ በኋላ መጀመሪያ የባፕቲስቶች፣ አሁን የቻይናውያን ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ሁሉንም በሃያ ደቂቃ እግር ማዳረስ ይቻላል። አራቱ ቤቶች አንድ ነገር ይናገራሉ፤ በሰባተኛው ጎዳና ከሱቃቸው በላይ ይኖሩ የነበሩ የአይሁድ ነጋዴዎች ወደ ሰሜን ሲሄዱ፣ የመጣው ሁሉ የተዉትን ቤት ወሰደ። ከአራቱ መሬቷን ያጣችው ትንሿና ድሃዋ ብቻ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው ይላል፤ ትልልቆቹን ለሌላ አምላኪ መሸጥ ይቻል ነበር፣ ይቺ ግን ጠባብ ስለሆነች በመጨረሻ ለሳንድዊች ብቻ ነው የሆነችው። እኔም ያልተንቀሳቀሱት ሦስቱ ከተንቀሳቀሰችው ይልቅ ብዙ ተለውጠዋል ባይ ነኝ፤ ስምንተኛ ላይ በዳዊት ኮከብ ሥር የሚዘመረው መዝሙር ግን ከማንኛውም ሙዚየም በላይ ደስ ይለኛል።

27ኛውና ተከታዮቹ ወደ ራሳችን ሄዱ። በሰው ቤተ ክርስቲያን ተከራይቶ፣ የባለቤቶቹ አገልግሎት እስኪያልቅ በውጭ ቆሞ መጠበቅ፤ ከበሮውን ከመኪና ማውረድ፤ መጋረጃ በክር መወጠር፤ ሲጨርሱ የዕጣኑ ሽታ ለቀጣዩ እንዳይቀር መስኮት መክፈት። አንዲት እናት፣ ግሪኮቹ ከፎቅ ሲቀድሱ ከታች ብስክሌት ሲጠገን እንደነበር ካነበቡ በኋላ የራሳቸው የመጀመሪያ ዓመታት ትዝ እንዳላቸው ጻፉ። እዚህ ላይ ማንም ከማንም አልተጣላም።

32ኛው ምላሽ አንድ ነገር አከለ። በ1969 ቤቲቱ ቦታውን የለቀቀችለት የሜትሮ ዋና መሥሪያ ቤት ራሱ በ2022 ለቆ ወደ ላንፋን ፕላዛ ሄዷል። የመነሻው ጸሐፊ ከዚህ ሥር ምልክት ብቻ ነው ያስቀመጠው፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አይለይም።

33ኛው መኪና የት እንደሚቆም ጠየቀ። የፓርኪንጉ ሰው ራሱ መለሰለት፦ መኪናህን ተወው፣ በሜትሮ ባቡር ቀዩ መስመር ጁዲሺያሪ ስኩዌር ጣቢያ ወርደህ በኤፍ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሂድ፤ መግቢያው በአዲሱ ሕንፃ በኩል ነው።